ያልቀዘቀዙት ቁጥሮች

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጽዳት ሠራተኛዋ የቤተ ሙከራውን በር ስትከፍት ዋና ኬሚስቷን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ፣ እግሮቿን ወደ በሩ ዘርግታ፣ የነጭ ጋዋኗን አንገትጌ በሁለት እጇ ጨምድዳለች። ጽዳት ሠራተኛዋ ደክሟት ያረፈች መስሏት «እትዬ፣ ሲሚንቶው እኮ ይበርዳል» አለቻት። ሁለተኛ ጠርታት ዝም ስትላት ነው የከንፈሯን መጥቆር ያስተዋለችው።

የመድኃኒት ፋብሪካው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ የሕፃናት ሽሮፕ ይቀመማል፣ ይታሸጋል። ፎቁ ላይ በአንደኛው ጫፍ ቢሮዎቹ፣ በሌላኛው ጫፍ ቤተ ሙከራው አለ። ጄኔሬተሩ የቆመው ከቤተ ሙከራው መስኮት ስር ነው። ያን ቀን ከስምንት ከአርባ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሳያርፍ ሲያጓራ ውሏል። እዚያ አካባቢ ሰው ከሰው ለመነጋገር ጆሮ ላይ መጮህ ነበረበት።

መርማሪዋ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ስትወጣ በየመሐሉ ትቆማለች። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ሲል እሷ «ቆይ» ስለምትል ነው። ወደ ሟቿ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት። ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነዋል። በሰውነቷ ላይ ቁስል የለም፤ የተሰበረ ዕቃም የለም።

«አስም አለባት» አለ በሩ ላይ የቆመው ቀጭን ወጣት። ምክትል ኬሚስቱ ነው። ሲያለቅስ ስለቆየ ድምፁ ሰልሏል። «ፓፏን ከጠረጴዛዋ ላይ አታነሳም ነበር። ሲጨንቃት ሁለት ጊዜ ወደ አፏ ትነፋና ይለቃታል።»

ፓፉ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። መርማሪዋ እያቃሰተች ተንበርክካ በመደርደሪያው ስር ባትሪ ስታበራ፣ ትንሿ ሰማያዊ ቆርቆሮ ከግድግዳው ጥግ ተወሽቃለች። ሕመሙ ሲነሳባት ከእጇ አምልጦ የተንከባለለ ይመስላል። ማንም ሰው ያንን አይቶ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ መሄድ ይችል ነበር።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ተዘርግቷል። በሰዓትና በቁጥር የተሞሉ ሁለት ዓምዶች አሉት፦ 7:00 — 48.0፤ 7:30 — 34.2፤ 8:00 — 23.9፤ 8:30 — 17.1፤ 9:00 — 12.0፤ 9:30 — 8.5፤ 10:00 — 6.0። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ከመዝገቡ አጠገብ አራት ማዕዘን የብረት ገንዳ አለ፤ ውኃው ውስጥ አፉ የተደፈነ ብልቃጥ ቆሟል። የገንዳው መቆጣጠሪያ ዘጠና ዲግሪ ላይ ነው። መርማሪዋ ጣቷን ወደ ውኃው ሰደደች።

«እንዳይፈጅሽ!» አለ አንድ ፖሊስ።

አልፈጃትም። ሕፃን የሚታጠብበት ያህል ለብ ያለ ነው። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

«አምፖሉ እየበራ ውኃው ለምን ቀዘቀዘ?» ስትል ምክትሉን ጠየቀችው።

«ጄኔሬተሩ አምፖሉን እንጂ ገንዳውን አያበራም፤ መስመሩ ሌላ ነው። ይቀጠልልን ብለን ሦስት ጊዜ ጽፈናል። ደብዳቤዎቹን የተየብኳቸው እኔ ነኝ።»

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ሽሮፑ ነው። ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበላሽ ስትለካ ነበር።» አፍንጫውን ጠረገ። «ዘጠና ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ እንቀዳና በረዶ ላይ እናደርገዋለን፤ በረዶው መበላሸቱን ያቆመዋል። ከዚያ ቀለሙ እስኪለወጥ ጠብታ ይንጠባጠብበታል። የፈጀው ጠብታ ነው ያ ቁጥር፤ ያልተበላሸው መድኃኒት ስንት እንደሆነ ይነግረናል። በዘጠና ዲግሪ በየሰዓቱ ግማሹ ይጠፋል። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያ ስሌት ወርደን ወርደን መጋዘኑ ሙቀት ላይ እንደርሳለን።»

«መጋዘኑ ሙቀት ላይ ስትደርሱስ?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። «በሰባት ወር ግማሹ ያልቃል። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ሁለት ዓመት ነው። መጋዘን ያለው ሽሮፕ ደግሞ ሰባት ወሩን ይዟል። ለሳንባ ምች ነው የሚሰጠው፤ ለሕፃናት። ሰው እንዳይጠራጠር ለሦስተኛ ጊዜ እየለካችው ነበር። አልፈርምም ብላለች።»

መርማሪዋ ብልቃጡን በበረዶ አሳሽጋ ወደ ፖሊስ ቤተ ሙከራ ላከችው። የወጣቱ እጅ እንዲነካው አልፈቀደችም። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ከጎን ባለው ክፍል ብቻውን እንደነበረ ራሱ ነግሯታል፤ በመዝገቡ መሠረት ደግሞ ሟቿ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበረች። በማግስቱ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ምክትሉን በጎሪጥ ያየው ጀመር። ምሳ ሲበላ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑበት።

የመጋዘን ኃላፊው የሟቿ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖትም «እታለም» ነው የሚላት። መርማሪዋ ያገኘችው ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው። ከካርቶኖቹ የቀረው ወለሉ ላይ የተሰመረው አቧራ ብቻ ነበር።

«ዕቃው የት ሄደ?»

«ተጫነ። ትናንት ዘጠኝ ተኩል ላይ መጫን ጀመርን፣ አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱም መኪና ወጣ።» ዓይኑ ከአቧራው አልተነሳም። «እኔ ስጭን እሷ እላይ ነበረች ማለት ነው።»

«እህትህ አልፈርምም ብላ አልነበር?»

«ብላ ነበር። በዚሁ ጉዳይ ጠዋት ተጣልተናል። ‹የሰውን እንጀራ ትዘጊያለሽ› አልኳት።» በጫማው አቧራውን ፋቅ አደረገ። «መጨረሻ ያልኳት ይሄው ነው።»

«ታዲያ በምን ጫንክ?»

«ጋሼ በጸሐፊዋ በኩል ወረቀቱን ላከልኝ። ማኅተም አለበት። እኔ ማኅተሙን ነው ያየሁት፤ ፊርማውን አላየሁም። ማኅተም ካለ ይጫናል።»

ጋሼ የሚሉት ሥራ አስኪያጁን ነው። መርማሪዋ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አየችው። በሟቿ ስም ትይዩ «ስለ» የሚል ቃል አለ፤ ከጎኑ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ፤ ከስሩ ቀንና ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ ሰዓት መጻፍ ይወዳል። ዘጠኝ ከሃያ ይላል።

ልትወጣ ስትል ዘወር አለች። «ቆይ፣ እኔ ሒሳብ አይገባኝም። በየሰዓቱ በግማሽ የሚቀንስ ነገር ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ አራት ከነበረ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ስንት ይሆናል?»

ወንድምየው ጣቶቹን አጣጠፈ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት፣ አሥር ሰዓት ላይ ስድስት… መሐሉ ዘጠኝ። ዘጠኝ ነው።»

ለምክትሉም ያንኑ ጥያቄ አቀረበችለት። ወጣቱ አፍጥጦ አያት። «የትኛውን ቀን ነው የሚሉኝ? መብራት አለ ወይስ የለም? ሙቀቱን ሳያውቁ ፍጥነት አይሰላም።»

«ትናንት አንተ መብራት ሲጠፋ የት ነበርክ?»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ ያሉት ናሙናዎች እንዳይበላሹ ወደ ምድር ቤት አወረድኳቸው። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ስንታገል ዘጠኝ ከሃያ ሆነ። ከዚያ ወጥቼ በሯን አለፍኩ። ተዘግቶ ነበር። ሥራ ላይ ናት ብዬ አላንኳኳሁም።» ፊቱ ተኮማተረ። «ባንኳኳ ኖሮስ?»

መርማሪዋ «ዘጠኝ ከሃያ» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሥራ አስኪያጁ በቢሮው በአክብሮት ተቀበላት። ፀጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው ነው። ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል፤ ሟቿም ተማሪው ነበረች።

«ለዚህ ሙያ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ልጄ ማለት ነበረች።»

«የት ነበሩ ትናንት?»

«እንግዶች ነበሩን፣ ዕቃውን የሚረከቡ። ከዘጠኝ ከሃያ ጀምሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ሰው ይመሰክራል።»

«መብራት በመጥፋቱ አልተቸገራችሁም?»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እዚህ ግቢ መብራት ጠፋ አይባልም። ጄኔሬተሩ በአንድ ደቂቃ ይነሳል፤ ሁሉም ሥራ ይቀጥላል። ቤተ ሙከራውም ቢሆን።»

«በእሷ ቦታ ለምን ፈረሙ?»

«ጊዜ ስላልነበረ። ተስማምታ ነበር፤ በቃል ነግራኛለች።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። «እርስዎ መምህር ስለሆኑ ልጠይቅዎት። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው የቀረው። በየሰዓቱ በግማሽ የሚቀንስ ነገር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ አራት ከሆነ ዘጠኝ ተኩል ላይ ስንት ነው?»

«ስምንት ነጥብ አምስት» አለ እርሳስ እንኳ ሳያነሳ። «ሰው ሁሉ ዘጠኝ ይላል። የሚቀንሰው ግን እንደ ደረጃ እኩል እኩል አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ እያነሰ ሲሄድ ይዘገያል። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት በዚህ ቀጥቻቸዋለሁ!»

አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። በመውጫዋ ላይ ጸሐፊዋን ከቤተ ሙከራው የመጡ ደብዳቤዎችን አስወጣቻት። ሦስት ፖስታዎች፣ ሦስቱም እንደታሸጉ ናቸው። «ጋሼ የቤተ ሙከራ ደብዳቤ ‹ኋላ አየዋለሁ› ይላል» አለች ጸሐፊዋ እየፈራች። «ትናንት መብራት እንደጠፋ የት ሄደ?» ስትላት ደግሞ፣ «አዳራሹን አይቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሲመለስ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ወደ መጋዘን ውሰጂ አለኝ» ስትል መለሰች። የአዳራሹ አስተናጋጅ ግን ከዘጠኝ ከሃያ በፊት ሥራ አስኪያጁን አላየም።

መርማሪዋ ያን ቀን ማታ ሳይሆን ያን ሰዓት፣ ያን ደቂቃ መኪኖቹን ማስቆም ፈልጋ ነበር። አለቃዋን ለመነች። «ሟቿ ያንቺ ናት፤ መድኃኒቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» አላት። ሌላኛው መሥሪያ ቤት ደግሞ ማኅተም ያለበትን ዕቃ ለማስቆም የሟቿ ሪፖርት ተፈርሞ መቅረብ አለበት አለ። ልትፈርመው የምትችለው ሴት ሬሳ ክፍል ናት፤ ምክትሏ ደግሞ ተጠርጣሪ ነው። መርማሪዋ የስልኩን እጀታ ይዛ ቀረች። ሠላሳ ዓመት በሠራችበት ሙያ እጅ እግሯ እንደዚያ ቀን ታስሮ አያውቅም።

የሐኪሙ ወረቀት በሁለተኛው ቀን መጣ። ሞቷ በአስም መታፈን ነው፤ ሰዓቱ ከስምንት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፤ ከዚያ ማጥበብ አይቻልም። የፓፉ ምርመራም መጣ። የጣት አሻራ የለበትም፤ የማንም። የብልቃጡ ውጤት በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ አንድ ቁጥር ብቻ። መርማሪዋ ያንን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አስተያየች። ከዚያ የፖሊስ ቤተ ሙከራውን አንድ ሥራ ለመነች፦ ያንኑ ሽሮፕ በዘጠና ዲግሪ አስቀምጡልኝ፤ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሆነው ማሞቂያውን አጥፉት፤ በየግማሽ ሰዓቱም ለኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ወንበር ወስዶ ተቀመጠ። ወንድምየው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ምክትሉ ከሁሉም ርቆ መስኮቱ ጋ ነው። ጸሐፊዋና ጽዳት ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ተጠጋግተዋል። ሁለት ፖሊሶች ከውጭ አሉ።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች መርማሪዋ። «ይህቺ ሴት የሞተችው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው ብለን ሁላችንም አምነን ነበር። ለምን? መዝገቧ እስከ አሥር ሰዓት ስለተሞላ። ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚህ አጠገብ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ።»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ።

«መዝገቡ አሥር ሰዓት ላይ ስድስት ይላል። ብልቃጡን እኔ በረዶ ላይ ያደረግኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የፖሊስ ቤተ ሙከራ ሲለካው ስንት አገኘ? አሥራ ሁለት ነጥብ አራት።»

ምክትሉ ቀና አለ። «አይሆንም!»

«ለምን አይሆንም? ንገራቸው።»

«የተበላሸ መድኃኒት ተመልሶ አይድንም። ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። አሥር ሰዓት ላይ ስድስት የነበረ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት አይሆንም።»

«ውኃ ሽቅብ አይፈስም» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ ለራሷ።

«አይፈስም። እንግዲህ የአሥር ሰዓቱ ቁጥር ውሸት ነው። የዘጠኝ ተኩሉም ውሸት ነው፤ ስምንት ነጥብ አምስት ይላልና። የዘጠኝ ሰዓቱም አሥራ ሁለት ነው፤ ከአሥራ ሁለት ነጥብ አራት ያነሰ፣ እሱም ውሸት። ያው ሥራ ገንዳው ጠፍቶ ሲደገም ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ሦስት ነጥብ ሦስት፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ነው ያሳየው። ውኃው ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ሞተ። መዝገቡ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን አልቀዘቀዙም። ውኃው እንደጋለ እየመሰላቸው በግማሽ በግማሽ ወርደዋል። ስለዚህ የተለኩ አይደሉም፤ የተሰሉ ናቸው። የሷ የመጨረሻ ቁጥር ስምንት ተኩል ላይ ያለው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለካት አልቻለችም።»

«ራሷ አስልታ ጽፋው ቢሆንስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ በለዘበ ድምፅ። «ሰነፍ ኬሚስት ያደርገዋል።»

«የስምንት ዓመት መዝገቦቿን አየሁ። አንድም ቀን አላደረገችውም። ብታደርገው እንኳ ገንዳው እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለች፤ ሦስት ደብዳቤ የጻፈችው በዚሁ ነው። ይህ ልጅም ያውቃል፤ የተየባቸው እሱ ነው። እሱ ቢዋሽ ኖሮ የቀዘቀዘ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ጠይቄው መልስ ከመስጠቱ በፊት ‹መብራት አለ ወይ› ነው ያለኝ። ደግሞም እስከ ዘጠኝ ከሃያ ምድር ቤት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ነበር።»

«እኔስ?» አለ ወንድምየው። ሊከሰስ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«አንተ ዘጠኝ አልከኝ። መዝገቡ ስምንት ነጥብ አምስት ነው የሚለው። የአንተ እጅ ቢሆን ዘጠኝ ይጻፍ ነበር።» ወደ ወንበሩ ዞረች። «ይህን የጻፈው ሰው እሱ ከሰው ጋር እየታየ እሷ በሕይወት ያለች እንዲመስል ቀድሞ ሞልቶታል። ስሌቱን እንደ አቡጊዳ ያውቃል፤ ገንዳው ግን ከጄኔሬተሩ ጋር እንዳልተገናኘ አያውቅም። ደብዳቤዎቹ በእጁ እያሉ ያልከፈታቸው ሰው ነው። ‹እዚህ ግቢ መብራት ጠፋ አይባልም› ያለኝ ሰው ነው።»



«ይህ ግምት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በስሌት ሰው አይታሰርም።»

«ቆዩ። ፓፏ ላይ የጣት አሻራ የለም። በየቀኑ የምትይዘው ዕቃ ላይ የራሷ አሻራ እንኳ ከሌለ፣ ተንከባሎ አይደለም መደርደሪያ ስር የገባው፤ ተወልውሎ ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን የፈረሙት ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው። መዝገቡ እንደሚለው ከሆነ ያን ሰዓት እሷ ከቢሮዎ ሃያ እርምጃ ርቃ ሥራዋን እየሠራች ነው። ተስማምታለች ካሉ በሕይወት ላለች ሴት ለምን ‹ስለ› ብለው ፈረሙ? ወረቀቱን ይዘው ሃያ እርምጃ ቢሄዱ ምን ነበረበት?»

የሥራ አስኪያጁ ዓይን በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ መጨረሻ ገንዳው ላይ አረፈ። አየሩ ያጠረው እሱ ራሱ ይመስል ክራባቱን ላላ አደረገ።

«አልነካኋትም» አለ።

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች።

«ጣቴን አላሳረፍኩባትም። ፈርሚ አልኳት። እንግዶቹ እየጠበቁ ነው፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሦስት መቶ ሰው ይበተናል አልኳት። ‹ጋሼ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ቁጥሩን ይዩት› አለችኝ። እየተከራከረች ሳለ ያፍናት ጀመር። ፓፉ እኔ አጠገብ ነበር። አነሳሁት።» መዳፉን እንግዳ ዕቃ ይመስል ገልብጦ አየው። «ልሰጣት ነበር። ፈርሚና ውሰጂ ነው ያልኩት። ትፈርማለች ብዬ ነው። ፊርማ እኮ ነው፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ወደ በሩ መጣች፣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ከዚያ ቁጭ አለች።»

«ሰጧት?» አለች መርማሪዋ።

«ስሰጣት አልያዘችውም።»

ወንድምየው ከግድግዳው ተላቀቀ። ሁለቱ ፖሊሶች ዘልለው ገቡ፤ እሱ ግን ሰውየውን ሊመታ አልነበረም። ፊቱ ሄዶ ተንበረከከና ከስር ወደ ላይ አየው።

«ስንት ደቂቃ ፈጀባት?»

«አልቆጠርኩም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የመድኃኒቱን እስከ ነጥቡ አስልተህ ጽፈሃል እኮ!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ ከመስኮቱ። እስከዚያ ቀን ጋሼን አንተ ብሎት አያውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁን ይዘውት ወረዱ። 

ሪፖርቱን ምክትሉ በሟቿ መዝገብ መሠረት አዘጋጅቶ ያን ዕለት ፈረመ፤ ማገጃው ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሁለቱ መኪኖች ዕቃቸውን ሳያራግፉ ተገኙ። ሦስተኛው ግን ከጠረፍ እስከ ጠረፍ ለአርባ አንድ ፋርማሲና ጤና ጣቢያ አከፋፍሎ ባዶውን ተመልሷል። የሚደውል ሰው ሲጠፋ ወንድምየው ዝርዝሩን ተቀበለ። ባዶው መጋዘን ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በተራ በተራ ይደውላል። መርማሪዋ ቃሉን ልታስፈርመው መጥታ ነበር፤ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አጠገቡ ተቀመጠች።

አንዳንዱ ያነሳል። አንዳንዱ ጠርቶ ጠርቶ ይቋረጣል። «አልከፈትነውም፣ እንመልሳለን» ሲሉት እርሳሱን ይዞ ያሰምርበታል። ሃያ ሰባተኛው ላይ አንዲት ነርስ አነሳች።

«መጥቷል፣ አዎ። አንድ ካርቶን ከፍተናል» አለች። ከኋላዋ ሕፃን ያስላል።

«ስንት ጠርሙስ ወጣ?»

«ስድስት። አራቱን አውቃቸዋለሁ፤ የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ አሁኑኑ ሰው እልክባቸዋለሁ።»

«ሁለቱስ?»

«መንገደኞች ነበሩ። አንዷ እናት ልጅ አዝላ ነበር፤ አንዱ አባት ነው። ከየት እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። ሰጥቻቸው ሄዱ።»

«ስማቸውን አልጻፍሽም?»

«አልጻፍኩም። ልጆቹ ትኩሳት ነበራቸው። ምን ላድርግ አሁን? ወንድሜ፣ ንገረኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ?»

ወንድምየው መርማሪዋን አያት። መርማሪዋ ዓይኗን ሰበረች።

«እኔም አላውቅም፣ እህቴ» አለ ወንድምየው። በዝርዝሩ ጠርዝ ላይ «ሁለት» ብሎ ጻፈ፤ ስልኩን ዘጋና ሃያ ስምንተኛውን ደወለ።